ሽታው ወደ ዳር ሲሸኝ

እንግዲህ ቀረብ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ከአስኮ ታክሲ ተሳፍራችሁ ጨዋታችሁን ሳትጨርሱ የምትደርሱባት የቡራዩ፣ አየር ጤናን አልፋችሁ የምትገቡባት የሰበታ፣ እንጦጦን ተሻግራችሁ ብርዱ የሚቀበላችሁ የሱሉልታ ነገር ነው። ነገሩን ግን ከሰማይ ልጀምረው፤ ያለ ውሃ የሚጀመር ታሪክ አይደለምና።

በሐምሌ ደመናው ወርዶ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ሲውጠው፣ ዝናቡ ጫፉ ላይ ያርፍና እዚያው ለሁለት ይከፈላል። በሰሜን በኩል የወደቀው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይንሸራተታል፣ ሜዳውን አረስርሶ ወደ ሙገር ይወርዳል፣ ከሙገርም ጋር ዓባይ ይገባና ሱዳንን አልፎ ግብፅ ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወደቀው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል፤ በየሸለቆው እየተጠራቀመ አቃቂን ይሆናል፣ አቃቂም ትልቁና ትንሹ ተብሎ ከተማውን ሰንጥቆ ይወርዳል፣ ከዚያም ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያም አዋሽ ይቀበላቸውና ወደ ቆቃ፣ ወደ መተሐራ፣ ወደ አፋር በረሃ ይዞአቸው ይሄዳል፤ ይሄድ ይሄድና ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የሰበታም ወንዝ ወደዚያው ወደ አዋሽ ነው። ትንሹ አቃቂ ደግሞ የሚነሣው በምዕራብ በኩል፣ ከወጨጫ ተራራ ጥግ፣ ከዚሁ ከቡራዩ ወገን ነው። እና እዚህ ዳገት ላይ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ነገር መንገዱ ረጅም ነው፤ ስንቱን ደጅ እንደሚያንኳኳ የጣለው ሰው አያየውም።

ቡራዩን የማያውቅ አድማጭ ካለ፣ መንገዷ የአምቦ መንገድ ነው። ከአስኮ ሲወጣ አስፋልቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይላል፣ ግራና ቀኙ ብሎኬት የሚመታበት፣ በር የሚበየድበት፣ ሣርና ገለባ የሚሸጥበት ነው፣ ከዚያም ቤቱ እየሳሳ ይሄድና ከአዲስ አበባ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን የገፈርሳ ውሃ በስተጎን ብልጭ ይላል። ሐይቅ አይደለም፣ ግድብ ነው፤ በ1936 ዓ.ም ገደማ ለአዲስ አበባ መጠጥ ተብሎ የተገደበ። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስኪደርስላት ድረስ ከተማይቱ ቧንቧ ስትከፍት ዋናው አለኝታዋ ገፈርሳ ነበር፣ ዛሬም ከዚያው ትቀዳለች። እንግዲህ ከዚህ ዳገት ወደ ከተማ የሚወርደው የሚጠጣ ውሃ ነው። ከከተማ ወደ ዙሪያው የሚወጣውስ? ሰፊ መሬት የሚፈልገው፣ የሚጨሰው፣ የሚሸተው፣ ፍሳሽ ያለው ሥራ ነው። ቢራው፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ አበባው ወደ ዳር ወጣ። አልኮንነውም፤ እንጀራም አብሮት ወጥቷል። የዛሬው ትረካዬ ግን ስለ ቆዳው ነው፤ ለሌላው ሌላ ቀን ይስጠን።

የበዓል ማግስት ጠዋትን አስታውሱ። በጉ ታርዷል፣ ዶሮ ወጡ ገና ትኩስ ነው፣ ቡናው ይፈላል፣ ከውጭ በኩል ከአጥር ማዶ አንድ ወጣት በረጅሙ «ሌጦ ያለው! ቆዳ ያለው!» ይላል። ልጆች ሌጦውን ጎትተው ያወጣሉ፣ ልጁ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፣ ቢላ የቀደደውን ጣቱን ሰድዶ ያሳያችኋል፣ እከክ የበላውን በጥፍሩ ይነካካል፣ ዋጋ ይጥላል፣ እናቶች ይከራከሩታል፣ ከዚያም ብሩን ሰጥቶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል። ከእርሱም ነጋዴ ይረከባል፣ ነጋዴውም ጨው ነስንሶ ይከምራል፣ ከዚያም መኪና መጥቶ ወደ ፋብሪካ ይጭነዋል። ከሱሉልታ አለፍ ብሎ የሚጀምረው የሰላሌ በግ ሌጦ፣ የባቲም ፍየል፣ በዓለም ገበያ በስሙ የሚታወቅ ነው፤ ለጓንትና ለልብስ እንደ በጉ ሌጦ ያለ ለስላሳና ጠንካራ ቆዳ ብዙ አገር የለውም።

ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ገና ሳይታይ በአፍንጫ ይታወቃል። ጨው የበላው ሌጦ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ደሙና ጨዉ ይለቃል፤ ከዚያም በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ከዚያም የቀረበት ሥጋና ሞራ ይፋቃል፤ ከዚያም በጨውና በአሲድ ይታሻል፤ ከዚያም በትልልቅ የእንጨት ከበሮ ውስጥ ከክሮም ጨው ጋር ሲሽከረከር ያድርና ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በሙያው ዌት ብሉ የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ አይበሰብስም፤ መርከብ ላይ ቢጫን ወር ቢቆይ ግድ የለውም። በተለመደው አሠራር ለአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ 30 ሜትር ኩብ ያህል ውሃና ከዚያም በላይ ይፈስሳል፤ ከክሮሙም ቆዳው የሚጠጣው ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ነው፣ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። ሰልፋይዱ ነው ያን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ የሚያመጣው። ልብ በሉ፤ ከነጠጉሩ ሌጦ እስከ ሰማያዊው ቆዳ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው አብዛኛው ግማት፣ አብዛኛው ኖራ፣ አብዛኛው መርዝ ያለው። ከዚያ ወዲያ ያለው ማለስለስ፣ ማቅለም፣ መስፋት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ መጣን። ለብዙ ዘመን አገራችን ወደ ጣሊያን፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ሕንድና ቻይና ትልከው የነበረው ቆዳ በአብዛኛው በአሲድ የታሸው ፒክልና ይኸው ሰማያዊው ነበር። በሌላ አነጋገር ገዢው ሽታውን እኛ ዘንድ ጥሎ የጸዳውን ወሰደ። አውሮጳ ወንዟን በሕግ አጠረች፣ ፋብሪካውንም ማጣሪያ ሥራ አለችው፣ ማጣሪያው ውድ ሲሆንበትም መጀመሪያውን ሥራ ሕጉ ላላ ወዳለበት አገር ሰደደው። ይህን ነገር በግልጽ ብዕር ያሰፈሩት ሰዎችም አሉ። በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም የተጻፈ፣ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ሎውረንስ ሰመርስ የፈረሙበት፣ ኋላም ሾልኮ የወጣ የውስጥ ማስታወሻ ነበር፤ ቆሻሻ ኢንዱስትሪ ወደ ድሃ አገር ቢሄድ በኢኮኖሚ ሒሳብ ያዋጣል፣ እዚያ ሰው ቢታመምም ቢሞትም የሚጎድለው ገቢ ትንሽ ነውና የሚል። ሰውዬው በኋላ ምፀት ነበር አሉ። ይሁን፤ ምፀት ከሆነም ዓለም አልሳቀም፣ እንደ መመሪያ ነው የሠራበት።

ከዚያ ማስታወሻ አሥር ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥር 1983 ዓ.ም የአፍሪካ መንግሥታት ባማኮ ላይ ተሰብስበው አደገኛ ቆሻሻ ወደ አህጉሪቱ እንዳይገባ ውል አቁመው ነበር፤ አገራችንም የውሉ አባል ናት። ውሉ መልካም ነው። ግን በርሜል የሞላ መርዝ ነው የሚከለክለው፤ ያንኑ መርዝ እዚሁ የሚያመርተው ፋብሪካ ሲመጣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ከበሮ ተመቶለት፣ ፎቶ ተነሥቶበት ይገባል።

መንግሥትም ጥሬውን መላክ ይብቃ ብሎ በአዋጅ ቁጥር 567/2000 በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ንግድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም ደግሞ ክረስት የሚባለውን፣ ያለቀለት ሊባል ጥቂት የቀረውን ቆዳ ጨመረበት። ሐሳቡ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ጓንቱ፣ ጫማው፣ ቦርሳው እዚህ ቢሰፋ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ፣ ሽታውን ከተሸከምን ዋጋውንም እንያዝ ነው ነገሩ። የውጭ ባለሀብትም መጣ፣ ከቻይና የመጡ ሰዎች ሱሉልታ ላይ ሳይቀር ቆዳ ፋብሪካ ከፈቱ። ነገር ግን በአገር ቤት የሚያልቅ ቆዳ በበዛ ቁጥር ማቅለሚያውም ዘይቱም ይበዛል፤ ማሽኑ ቶሎ መጣ፣ ማጣሪያው ግን በቀጠሮ ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣና ስለ ራሳችን ላውራ፤ ፈረንጅን ብቻ መውቀስ ይቀላልና። አያቶቻችን ዘንድ ቆዳ የሚያለፋው ሰው ፋቂ ይባል ነበር። ጫማውን፣ አጎዛውን፣ የፈረሱን ኮርቻ፣ የእህሉን ስልቻ ከእርሱ እጅ እየተቀበልን፣ እርሱን ከመንደሩ ዳር፣ ከወንዙ አፋፍ አስቀመጥነው፣ አልተጋባነውም፣ ከአንድ ማዕድ አልበላንም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እኔን እንደ ሰደበ ይቆጠራል የሚል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ ዐዋጁ ተነገረ፣ ስድቡ ግን ዐዋጁን ብዙ ዓመት ተሻግሮ ኖረ። እና ሽታውን ወደ ዳር መሸኘት፣ ጥቅሙን ወደ ቤት ማስገባት፣ ከውጭ የተማርነው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቆዳ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተተከለው አስኮ ነው፤ ኋላ ጥቁር አባይ ጫማ የሆነው። ያን ጊዜ አስኮ ከከተማ ውጭ፣ ጅብ የሚጮህበት ነበር። ከተማዋ መጣች፣ መጣችና አስኮን ዋጠች፣ ከዚያም ዳር የሚባለው ወደ ቡራዩ ሄደ፣ ቡራዩም ሰው በሰው ሆነች፣ በ2015 ዓ.ም ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ ተባለች። አሁን ዳሩ ራሱ ከተማ ነው፤ ሽታውን የሚቀበል ባዶ ሜዳ የለም፣ ማንም የማይተኛበት አልጋ የለም።

ሕግ የለም እንዳትሉ ብቻ። ሕጉማ ሲነበብ ያስደስታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ መኖርን የሰው ሁሉ መብት አድርጎታል። በ1995 ዓ.ም ሦስት አዋጆች በአንድ ወቅት ወጡ፤ 295 የአካባቢ መሥሪያ ቤቶችን አቋቋመ፣ 299 ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ይጠና አለ፣ 300 ደግሞ የበከለ ያጽዳ፣ ይካስ አለ። ከዚያም በ2001 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159 ወጣና ቀድመው ለተተከሉት ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት እፎይታ ሰጠ፤ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ማጣሪያችሁን ሥሩ ተባለ። አምስቱ ዓመት በ2006 አለቀ። አንዳንዱ ደኅና ማጣሪያ ሠራ፣ አንዳንዱ ደለሉን የሚያስቀር ጉድጓድ ቆፍሮ ሠራሁ አለ። የሙያው ሰዎች እንደሚነግሯችሁ ማጣሪያ አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ በየቀኑ መብራት ይበላል፣ ኬሚካል ይበላል፣ የዝቃጩ መጣያ ራሱ ራስ ምታት ነው፣ ይህን ሁሉ በልቶ ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስገባም። ቁልፉን ማጥፋት ቀላል ነው፣ በተለይ ሌሊት፣ በተለይ ወንዙ በሞላበት ክረምት።

ተቆጣጣሪውስ? በ1987 ዓ.ም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፣ በ2005 ሚኒስቴር ሆነ፣ በ2011 ኮሚሽን ሆነ፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ፤ ታፔላ ጻፊው ነው የተጠቀመ። ከሁሉ የከፋው ግን በ2001 ዓ.ም ገደማ የሆነው ነው፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናትን የመመርመሩ ሥልጣን ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተላለፈ። ባለሀብቱን ና እያለ የሚጠራው፣ በባለሀብቱ ብዛት የሚመሰገነው መሥሪያ ቤት፣ ያው ራሱ ጥናቱን አይቶ ይሁን ወይም አይሁን እንዲል ተደረገ። ይህ ሙሽራውን ራሱን ሽማግሌ አድርጎ እንደ መላክ ነው፤ መቼም የሙሽራውን ክፉ ጠባይ አያወራም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ የተባለ የባለሙያዎች ማኅበር ደፍሮ ነበር። የአቃቂና የሞጆ ወንዞች እየሞቱ ነው፣ ሊጠብቃቸው የተሾመው መሥሪያ ቤት ግዴታውን አልተወጣም ብሎ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ፍርድ ቤት አቆመው። እንዲያ ያለ ክስ ከዚያ በፊት እምብዛም አልተሰማም። ክሱ ውድቅ ሆነ፤ ወንዞቹ የነበሩበት ቀሩ።

ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ልተወው፣ በጥቅምት ፀሐይ ወንዝ ዳር ቆሜ አንዲት እናት ልብስ ይዛ ስትመጣ አየሁና «እዚህ ታጥቢያለሽ እንዴ ልጄ?» አልኳት። ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ፋብሪካው አጥር ተመለከተች። «አባባ፣ ቀለሙን አይተን ነው» አለችኝ፤ «ሲጠራ እናጥባለን፣ ሲደፈርስ እንመለሳለን። ከብቶቹማ ከእኛ ይብሳሉ፣ አሽትተው ነው የሚመለሱት።» ከዚያም ጎንበስ ብላ በእጇ ጨለፍ አደረገች፣ አሸተተች፣ ደፋችው፣ ልብሷንም አንሥታ ሄደች። አልተቆጣችም፤ ዝናብ ይመጣ ይሆን ብሎ ሰማይ እንደሚያይ ገበሬ ነበር አኳኋኗ። እኔን ያስቆጣኝ ያ አለመቆጣቷ ነው።

ሌላ አገር ምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የባንግላዴሽን ልንገራችሁ። ዳካ ከተማ ውስጥ ሐዛሪባግ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ቆዳ ፋብሪካው ሁሉ እዚያ፣ ቡሪጋንጋ ወንዝ ዳር። ወንዙ ጠቆረ፣ ፍርድ ቤት አዘዘ፣ መንግሥት ቀነ ገደብ እየሰጠ እያራዘመ ቆየ፣ በመጨረሻ በ2009 ዓ.ም መብራቱንና ውሃውን ቆርጦ ሳቫር ወደምትባል ዳር ከተማ አስወጣቸው። እዚያ የሚጠብቃቸው የጋራ ማጣሪያ ግን ገና አላለቀም ነበር፤ ከዚያም ሌላ ወንዝ፣ ዳሌሽዋሪ የሚባለው፣ ተራውን ያዘ። የእኛን ነገር ለሚያቅድ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም፤ ሞጆ ላይ ፋብሪካዎቹን በአንድ ቦታ ሰብስቦ በጋራ ማጣሪያ ለማስተዳደር የታሰበው የቆዳ ከተማም ወሬው ከተጀመረ ስንት ዓመቱ።

አይቻልም ደግሞ አይባልም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ሐይቁ ጠብታ እንዳይሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያ ጨርቃ ጨርቅ ነው፣ ቆዳ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ከመጀመሪያው የታሰበበት፣ ገዢው ኩባንያም አስቀድሞ የጠየቀው ስለሆነ ተሠራ። የቆዳውም ገዢ ዛሬ የማጣሪያ ምስክር ወረቀት አሳዩኝ ማለት ጀምሯል፤ ትናንት ሽታውን እዚህ ጥሎ የሄደው ማለት ነው። ወጪው የፋብሪካው ነው። የእኛ ፋብሪካዎች ደግሞ ዛሬ በውጭ ምንዛሪና በኬሚካል እጥረት ግማሽ ጎናቸው ቆሟል፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የበዓል ማግስት ያ ወጣት በየበሩ አይጮህም፣ ሌጦው ዋጋ አጥቶ በየመንገዱ ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ይውላል። ሽታው ፋብሪካ ሳይደርስ ከደጃችን ቀረ እላችኋለሁ።

ወንዝ ውስጥ የገባውም መርዝ በሌላ በር ይመለሳል። ከመካኒሳ እስከ አቃቂ በወንዙ ዳር ለዳር አትክልት ይለማል፤ ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ ሰላጣው በዚያው ውሃ ይጠጣል፣ በማለዳ በአህያና በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል፣ በጾም ቀን ከየትሪው ላይ ይቀመጣል። በዚያ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮምን ጨምሮ ከባድ ብረታ ብረቶች አግኝተዋል። ገበሬውን አትውቀሱት፤ ሌላ ውሃ የሰጠው የለም። ፋብሪካ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም ማለቂያ ከቢሾፍቱው የእሬቻ በዓል እልቂት በኋላ በነበሩት ቀናት ሰበታ ላይ ፋብሪካ ሲነድ፣ ቁጣው የመሬትና የፖለቲካ ነበር። እሳት ግን ወንዝ አያጠራም፤ ሥራም አጠፋ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አዋጅ 300 አንቀጽ 11ን አንብቡት፤ አጭር ነው። ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ወይም ሊያደርስ የሚችልን ሰው ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ሊል ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላስደሰተው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ውሃው የደፈረሰበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ ፎቶ አንሡ፣ ጎረቤት አስፈርሙ፣ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁና አንዱን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ በሌላው ላይ ማኅተም አስመቱበት። ሠላሳው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ማኅተም ነው።